ፍጥነት ለሚወድ ልጃችን ምን እንበለው?



ውድ አንባቢዎቻችን፣ ወጣት ወንድ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ የመኪና ወሬ አይጠፋም። አንዱ የፌራሪን ስዕል ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው ፖርሽ ይሁን ላምቦርጊኒ ገና ድምፁን ሲሰማ ይለያል። በዓረብ አገርና በአውሮፓ የሚኖሩት ልጆቻችን ደግሞ ከስዕሉ አልፈው መሪውን የጨበጡ አሉ። ወላጆች ይህን ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ «የሸይጣን ሥራ ነው» ብለው በቁጣ ይዘጉታል፤ ወይ «ልጅ ነው፣ ያልፍለታል» ብለው ዝም ይላሉ። እኛ በመምህርነታችን ሁለቱም መልስ ይበቃል ብለን አናምንም። ቁጣው ልጁን ተደብቆ ወደ ሌሊት ጎዳና እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ዝምታውም ከዚያው ጎዳና አይመልሰውም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል ቀዳሚውን ቦታ የያዘውም በሽታ ሳይሆን ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን የፍጥነት ፍቅር የሚገራበት ቦታ አለ ወይ? የሚለውን እንመለከታለን። ለዚህም የመኪና ወዳጆች «ትራክ ዴይ» የሚሉትን ቀን ምሳሌ እናደርጋለን።

ለመሆኑ ትራክ ዴይ ምንድን ነው?

ትራክ ዴይ የመኪና ወዳጆች ተሰባስበው፣ የቀኑን ክፍያ ከፍለው፣ የገዛ መኪናቸውን ወይም የተከራዩትን ይዘው፣ ለውድድር በተሠራ ዝግ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚነዱበት ቀን ነው። በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች የተለመደ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2004 የባሕሬንና የዱባይ፣ በ2009 ደግሞ የአቡ ዳቢው ያስ ማሪና የውድድር ሜዳዎች ከተከፈቱ ወዲህ የመኪና ወዳጆች የሚገቡባቸው ቀናት አሉ።

ከሩቅ ለሚያየው ትርፉ ጩኸትና ጭስ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ቀኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሥርዓት የታሰረ ነው። ጠዋት መንጃ ፈቃድ ይታያል። ቀጥሎ ስለ ደኅንነት ገለጻ ይሰጣል፤ ገለጻውን ያልተከታተለ አይነዳም። ሄልሜት ማድረግና ቀበቶ ማሰር ግዴታ ነው። በብዙ የአውሮፓ ሜዳዎች የመኪናው ድምፅ በመሣሪያ ይለካል፤ ከተፈቀደው በላይ የጮኸ መኪና ምንም ያህል ውድ ቢሆን አይገባም፤ ምክንያቱም በሜዳው ዙሪያ ሰው ይኖራል። ልብ በሉ! የጎረቤትን ሐቅ በዲናችን ስንማር ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚያም ነጂዎቹ እንደ ልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ፤ ጀማሪው ከጀማሪ፣ የለመደው ከለመደው ጋር። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ማንም ማንንም ሳያልፍ መንገዱን ለማወቅ ብቻ ቀስ ተብለው የሚነዱ ናቸው። አንዱ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድቶ ይወጣና ለሌላው ይለቅቃል። ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ይነዳል፤ ፍሬኑ መቀዝቀዝ አለበትና። ካቆመም በኋላ የእጅ ፍሬን አይዝም፤ የጋለው ብረትና ሸራ ተያይዞ እንዳይበላሽ። በየመሐሉም የጎማ ብሎኖች ይፈተሻሉ።

በሜዳው ዳር የቆሙ ሠራተኞች በባንዲራ ይነጋገራሉ። ቢጫው «ከፊት አደጋ አለ፤ ቀስ በል፣ አትለፍ» ማለት ነው። ቀዩ «ሁሉም ቀስ ብሎ ይውጣ» ይላል። ሰማያዊው «ከኋላህ ፈጣን መኪና አለና አሳልፈው» ሲል፣ ጥቁሩ «አንተ ውጣ፤ እንነጋገር» ይላል። ነጂው ሚሊየነርም ይሁን ተከራይቶ የመጣ፣ ጥቁር ባንዲራ ከታየው ይወጣል።

ከሁሉ የገረመን ግን የማለፍ ሥርዓታቸው ነው። በብዙ ቦታ ከኋላ ያለው ፈጣን መኪና የፊተኛው ካልፈቀደለት አያልፍም፤ ኩርባ ላይም ማለፍ አይፈቀድም። የፊተኛው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በፍሬቻ ምልክት ሰጥቶ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀለል አድርጎ ያሳልፈዋል። ፈጣኑ ጉልበት ስላለው ብቻ መብት የለውም፤ ዘገምተኛውም ስላሳለፈ አልተዋረደም። በየከተማችን ጎዳና በጥሩምባና በስድብ የምናጣውን አደብ እነሱ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሆነው ይጠብቁታል።

ሌላም ነገር አለ። በአብዛኞቹ ትራክ ዴይ ቀናት ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። ሰዓት ከተያዘ ውድድር ሆነ ማለት ነው፤ ውድድር ከሆነ ደግሞ የኢንሹራንሱም የሰዉም ጠባይ ይለወጣል። ሰዓት በሌለበት ሰው የሚታገለው ከራሱ ጋር ነው፤ ፍሬን ቀደም ብሎ መያዝን፣ መሪን በእርጋታ ማዞርን፣ ዓይንን ከኩርባው ማዶ መላክን ይማራል።

የአይፍሉ ተራራ ምሳሌ

በምዕራብ ጀርመን በአይፍል ተራሮች ውስጥ ኑርበርግሪንግ የሚባል የታወቀ መንገድ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ሰሜናዊው ዙሩ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በጫካ መሐል እየወጣና እየወረደ የሚጠማዘዝ ነው። በተወሰኑ ቀናት ማንም ባለመንጃ ፈቃድ ከፍሎ ይገባበታል። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት መንገዱ እንደ አንድ አቅጣጫ የሕዝብ መንገድ ይቆጠራል፤ የጀርመን የትራፊክ ሕግም ይሠራበታል፤ መሽቀዳደምና ሰዓት መያዝ የተከለከለ ነው። የብረቱን አጥር የገጨ ሰው ለአጥሩም ሆነ መኪናውን ለሚጎትቱለት ከኪሱ ይከፍላል።

በዚሁ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1976 ኒኪ ላውዳ የተባለው ኦስትሪያዊ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን መኪናው ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ላውዳ ከውድድሩ በፊት መንገዱ አደገኛ ስለሆነ እንቅር ብሎ ጓደኞቹን ጠይቆ ነበር፤ አልተቀበሉትም። ከእሳቱ ያወጡት ግን እነዚያው ተፎካካሪዎቹ ናቸው፤ ውድድራቸውን ትተው፣ ከመኪናቸው ወርደው ጎትተው አወጡት። ፊቱና ሳንባው ክፉኛ ተጎድቶም ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ውድድር ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በጃፓን የመጨረሻው ውድድር ሲደረግ ከባድ ዝናብ ጣለ። ላውዳ ጥቂት ዙር ነድቶ መኪናውን አቆመና ወረደ። በዚህም የዓለም ሻምፒዮንነቱን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ዋንጫው በእጁ ሊገባ ሲል «ነፍሴ ትበልጣለች» ብሎ የሚወርድ ሰው ፈሪ ይባላልን? ልጆቻችን ስለ ጀግንነት ሲያወሩ ይህን ታሪክ ብንነግራቸው መልካም ነው።

ዲናችን ስለ እሽቅድምድም ምን ያስተምረናል?

እኛ መምህራን እንጂ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም። ሆኖም በሐዲስ መጻሕፍት የተመዘገበውን ማስታወስ እንችላለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ፈረሶችን እንዳሽቀዳደሙ ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ እርሳቸውም ከተሽቀዳደሙት አንዱ ነበሩ። ለውድድር የሠለጠኑት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ፣ ያልሠለጠኑት ደግሞ ከሠኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ እንዲሮጡ ተደረገ። ከሐዲሱ አስተላላፊዎች አንዱ የመጀመሪያውን ርቀት አምስት ወይም ስድስት ማይል፣ ሁለተኛውን አንድ ማይል ያህል ይሉታል። እንግዲህ አስተውሉ! ፍጥነቱ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ ልክ ተደረገለት። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ጀማሪውን ከለመደው ሲለዩ የሚያደርጉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዐድባእ የምትባለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመልም ተቀድማ አታውቅም ነበር፤ አንድ ቀን የአንድ ገጠሬ ግመል ቀደመቻት። ሶሓባዎቹ አዘኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በዱንያ ከፍ ያለን ነገር አላህ ዝቅ ሳያደርገው እንደማይተው አስተማሯቸው። መኪናው የኩራቱ ምንጭ ለሆነበት ወጣት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይገኛል?

በሌላ በኩል ድንበሮቹም ግልጽ ናቸው። ተሽቀዳዳሚዎቹ እያንዳንዳቸው ገንዘብ አስይዘው አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስድበት የመኪና ውርርድ ቂማር ነው። በሱረቱል በቀራህ ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ተከልክለናል። ሌላውን ሰው መጉዳትም በዲናችን ቦታ የለውም። ለታይታ የሚደረግ ብክነት ደግሞ ኢስራፍ ነው።

ጎዳናው ግን ሌላ ነው

በትምህርት ቤት የምናስተምረውን ትንሽ የፊዚክስ ሒሳብ እዚህ እናምጣ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመኪናው የመምታት ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም በግምት 12 ሜትር ይበቃዋል፤ ከ100 ግን 48 ሜትር፣ ከ200 ደግሞ ከ190 ሜትር በላይ ይፈጃል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት እንኳ በ200 ፍጥነት 56 ሜትር ሄዷል። በዝግ ሜዳ ላይ ከፊቱ ክፍት ቦታ፣ ባንዲራ ያዥና አምቡላንስ አለ። በጎዳና ላይ ግን ከፊቱ ያለችው ዳቦ ገዝታ የምትመለስ ሕፃን ናት።

በሳዑዲ ዓረቢያ ወጣቶች «ተፍሒጥ» የሚሉት፣ በከተማ ጎዳና መኪናን በሙሉ ፍጥነት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነጂዎቹን ብቻ ሳይሆን ዳር ቆመው የሚመለከቱትንም በልቷል። ብዙ ዑለማዎችም ሐራም ነው ብለዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን መጠበቅ በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን፣ ነጂውም በሰው አካልም ሆነ ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ ቀይ መብራት መጣስ ከፖሊስ ጋር ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በአኺራም ይጠይቃል።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ የልጁን ፍቅር አይናቅበት። መኪና መውደድ ሐራም አይደለም፤ ከፍቅሩ የሜካኒክነት፣ የምህንድስና ወይም የጥሩ ሹፌርነት ሙያ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አቅሙ ኖሮት ሜዳ የመግባት ዕድል ላለው ልጅ ጥቂት ጥያቄ እንጠይቀው። ገንዘቡ የማን ነው? ዕዳ የለብህምን? በአንተ ላይ ተስፋ የጣሉ እናትና ታናናሾች የድርሻቸውን አግኝተዋልን? የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንደማይከፍል አውቀሃልን? የጁሙዓና የዙህር ሶላትህን ከመግቢያ ሰዓትህ ጋር አስተካክለሃልን? የምትሄደው ለመማር ነው ወይስ ቪዲዮ ቀርጸህ ለመታየት? እነዚህን በቅንነት የመለሰ ልጅ ቢሄድ እንኳ አደቡን ይዞ ይሄዳል። ሊመልሳቸው የከበደው ደግሞ ለጊዜው መቅረት እንዳለበት ራሱ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ሜዳ ለሌለው ልጅ የሜዳውን ሥርዓት በቤታችን መንገድ ላይ እናስተምረው። ጎማና ፍሬን ሳይፈትሽ እንዳይነሳ፣ ቀበቶ ሳያስር እንዳይንቀሳቀስ፣ ኩርባ ላይ እንዳይቀድም፣ የሚቸኩል ሲመጣበት በወንድምነት እንዲያሳልፍ። ይህን ደግሞ ከምክር ይልቅ ከእኛ አነዳድ ያየዋል። አባት በቀይ መብራት እያለፈ ልጁን «ቀስ በል» ቢለው ማን ይሰማዋል?

የትራክ ዴይ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ፍጥነት የሚፈቀደው አስቀድሞ መቆምን ለተማረ ሰው ነው። ነፍስም ብትሆን እንዲሁ ናት፤ ፍሬኗን ያላወቀ ሰው በእግሩም ቢሄድ ይጋጫል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በመንገድም በቤትም ይጠብቅልን፤ ጉልበታቸውንና ወጣትነታቸውን በሚወደው ነገር ላይ የሚያውሉ ያድርጋቸው። አሚን። እስከሚቀጥለው ወር ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።