ገበያው የሚፈልገው የትኛውን ከሰል ነው?

በዚህ ዓመት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ስለ አክቲቬትድ ካርቦን ስንማር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ዓለም ይህን ያህል ከፈለገው እኛ ለምን አንሸጥም? ከሰል እዚህ ናይሮቢ በየመንደሩ አለ እኮ!» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። በወላጆች ቀን ያገኘኋቸው አንድ ነጋዴ አባትም ይህንኑ ጠየቁኝ። ለሁለቱም በችኮላ የሰጠሁት መልስ እኔኑ ስላላረካኝ በዚህ የዓመት መጽሔታችን አሟልቼ ልመልስ።

አክቲቬትድ ካርቦን ከሰል ነው፤ ነገር ግን እናቶቻችን በጂኮ ላይ ቡና የሚያፈሉበት ዓይነት አይደለም። ከሰሉ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እንፋሎት ሲነፋበት ውስጡ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ የአንድ ግራሙ ስፋት 1000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሰባት ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህሉ፣ የእግር ኳስ ሜዳ ያክላል ማለት ነው። ብዙ መርዛማ ነገርና መጥፎ ሽታ በዚያ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ፍላጎቱ የመጣው ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በቤልጂየም፣ በኢፕር ከተማ አቅራቢያ የክሎሪን ጋዝ በወታደሮች ላይ ሲለቀቅ ዓለም ጭንብል ፍለጋ ሮጠ። በ1918 የአሜሪካ ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር የኮክ ፍሬና የኮኮናት ቅርፊት እየሰበሰቡ ለጭንብል ከሰል እንዲሰጡ ተጠይቀው ነበር። ዛሬ ደግሞ ወርቅ አምራቾች በሳያናይድ የሟሟውን ወርቅ ይለቅሙበታል፤ ሐኪሞች መርዝ ለዋጠ ሰው ይሰጡታል። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፒፋስ በሚባሉት ኬሚካሎች ላይ የመጠጥ ውሃ ገደብ ሲያወጣ፣ ገደቡን ለማሟላት ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ ብሎ ያስቀመጠው ይህንኑ ካርቦን ነው። አንድ አገር የውሃ ሕጉን ባጠበቀ ቁጥር ገዢ ይጨምራል።

ታዲያ ለምን አንሸጥም? ገዢው ጥቁርነቱን አይገዛምና ነው። የሚጠይቀው የአዮዲን ቁጥሩን ነው፤ ይኸውም አንድ ግራም ካርቦን ስንት ሚሊግራም አዮዲን እንደሚይዝ ማለት ነው። ከዚያ ጥንካሬውን፣ አመዱንና እርጥበቱን ይጠይቃል። የኮኮናት ቅርፊት የተወደደው ጥቃቅን ቀዳዳ ስለሚበዛውና ቶሎ ስለማይፈረፈር ነው። ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሕንድና ስሪላንካ ይህን አውቀው ሠሩበት። እኛም ብንሆን ከኮኮናት አገር ሩቅ አይደለንም፤ ኪሊፊና ክዋሌ ያሉት እዚሁ ኬንያ ውስጥ ነው። ነገር ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ቅርፊቱ ለብዙዎቻችን ማገዶ ወይም ቆሻሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለኝ። ገዢ መኖሩ ብቻውን በረከት አይደለም። የሶማሊያ ግራር እየተቆረጠ፣ ከሰሉ በመርከብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲጫን ኖሯል። ገንዘቡ ታጣቂዎችን ስለሚያጠናክር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 2012 በውሳኔ ቁጥር 2036 ንግዱን አገደ። የተቆረጠውን ግራር ግን ውሳኔ አይመልሰውም። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ለዚህ ገበያ ተብሎ አንድም ዛፍ መቆረጥ የለበትም። መነሻችን የሚጣለው ቅርፊት፣ ዋናው ስንቃችን ደግሞ መለካት መቻል ይሁን።

ነጋዴው አባት፣ «ምድጃው ውድ ነው፤ ከሰሉን አክስለን ብንሸጥ አይበቃንም?» ብለውኝ ነበር። እውነት አላቸው፤ የቅርፊት ከሰል መሸጥ ጥሩ ጅምር ነው፤ የሚያሳፍርም ሥራ አይደለም። ነገር ግን መለኪያው በሌላው እጅ ያለ ነጋዴ ዋጋ አይቆርጥም፤ ይቆረጥለታል። ቅርፊቱን በርካሽ ሰጥተን፣ ማጣሪያውን ከባሕር ማዶ በውድ የምንገዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

መለካቱ ደግሞ ከትምህርት ቤታችን አቅም በላይ አይደለም። የአዮዲን ሙከራ የሚፈልገው አዮዲን፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ስታርች፣ ቢዩሬትና ታጋሽ እጅ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የሳይንስ ክበባችን የጂኮ ከሰልን፣ የኮኮናት ቅርፊት ከሰልንና ከማጣሪያ የወጣ አክቲቬትድ ካርቦንን ጎን ለጎን እንዲለካ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውድ ወላጆች፣ የደረቀ ኮኮናት ስትሰብሩ ቅርፊቱን ለልጆቻችሁ አስይዙልን። ልጆች፣ እናንተም አደራ፦ የምድጃ ከሰል ውስጥ ያለፈ ውሃ ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳትጠጡ። አክቲቬትድ ካርቦንም ቢሆን ጀርም ገዳይ አይደለም፤ ውሃችሁን አፍሉ።

እጁን ላወጣው ተማሪዬ መልሴ ይኸው፦ መሸጥ እንችላለን ልጄ። መጀመሪያ ግን የምንሸጠው ምን እንደሆነ ራሳችን ለክተን እንወቅ።