የተራራዋ ልጅ የት ትደር?

ለገጠር ተማሪ እርዳታ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ደብተርና እስክሪብቶ፣ አቅም ሲፈቅድም የመማሪያ ክፍል ነው። ሁሉም ያስፈልጋል። በሰሜን ተራሮች ለሚኖር ቤተሰብ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ስምንተኛን የጨረሰች ልጅ ዘጠነኛን ስትጀምር የት ታድራለች?

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ያለው እንደ ደባርቅ ባለ ከተማ ነው። ቤቱ ለራቀ ልጅ በየቀኑ ተመላልሶ መማር አይታሰብም። ስለዚህ ልጆቹ ሁለትም ሦስትም ሆነው ጠባብ ክፍል በደባልነት ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቀያቸው ወጥተው እሁድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ እንጀራ፣ የገብስ ዳቦ፣ በሶ፣ ሽሮ። ሳምንቱ ሳይገባደድ እንጀራው ይሻግታል። ከክፍል መልስ ውሃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ ወጥ መሥራት አለ፤ ደብተር የሚገለጠው ሰውነት ከዛለ በኋላ ነው። ለሴት ልጅ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል። ልጁን ጠባቂ በሌለው ክፍል ትቶ የተመለሰ አባት እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ከዚህ ጭንቀት መገላገያው እሷን መዳር ወይም የዓረብ አገሩን ደላላ እሺ ማለት ሲሆን አይተናል። ይህን የሚያደርገው ወላጅ ትምህርት ጠልቶ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህንኑ ጥያቄ ሞሮኮ ውስጥ በአትላስ ተራሮች የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት በትክክል አንብቦታል። ኤጁኬሽን ፎር ኦል ሞሮኮ ይባላል፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ትምህርት ቤት አልሠራም፤ ትምህርት ቤቱማ አለ። አስኒ በምትባል ከተማ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከሩቅ የአማዚግ ሕዝብ መንደሮች ለሚመጡ ልጃገረዶች ማደሪያ ከፈተ። ከዚያ ሌሎች ቤቶች ተከተሉ። አልጋ አለ፣ ትኩስ እራት አለ፣ የቤት ሥራ የሚያግዝ አለ። ከሁሉ በላይ የምወድደው የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር የቤት እናት መኖሯን ነው። ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ለድርጅት ሳይሆን በቋንቋው ለሚያነጋግራት ሴት ነውና። ከእነዚህ ቤቶች ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጃገረዶች አሉ። ጳጉሜ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት መጠኑ 6.8 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን ሲያፈርሰው ማደሪያዎቹም ተጎዱ፤ ድርጅቱ ግን ሥራውን አላቆመም፤ ለልጆቹ ማራኬሽ ውስጥ መኖሪያ ፈለገ።

በእኛም ተራሮች ይህን ማድረግ ይቻላል። ዛሬ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት በክልሉ ባለው ግጭት ተዘግቶ ሳለ ስለ ማደሪያ ማውራት ቀድሞ መሮጥ የሚመስለው ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መጀመሪያ የምትቀረው ያችው ከተራራው የምትመጣ ልጅ ናት፤ ትምህርቷ በተቋረጠባቸው ዓመታት ዕድሜዋ ጨምሯል፣ የጋብቻ ጥያቄውም በዝቷል።

በዋሽንግተንም በአውሮፓም ያሉ ወገኖቻችን ለትውልድ ቀያቸው ገንዘብ ሲያዋጡ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ሕንፃ ነው። ሕንፃ ተመርቆ ፎቶ ይነሣል። የማደሪያ ቤት ኪራይ፣ የጤፍና የዘይት ወጪ፣ የቤት እናቷ ደመወዝ ግን በየወሩ የሚከፈሉ ናቸው፤ የሚመረቅ ነገር የላቸውም። እንዲህ ያለውን ወጪ ለመሸከም የሚደፍር ማኅበር ሳይ ልቤ ይሞላል።

እንዲህ ያለ ማደሪያ ለሚጀምሩ አንድ የምለምነው ነገር አለኝ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት አራት ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ አልቆበት የሚዘጋ ማደሪያ ልጅቷን ከወላጇም ከትምህርቷም ያጣላታል፤ ከእርሷ በኋላ በሚመጡት እኅቶቿም ላይ በር ይዘጋል። ሠላሳ ልጆች ለመቀበል የታሰበበት ገንዘብ ለአራት ዓመት የሚበቃው ለስምንት ብቻ ከሆነ፣ ስምንት ይግቡ።