ሳልባጅ ለብሶ መዘነጥ፦ ደሴ ፒያሳ ላይ የሚታየው ደስታና ብዙ የማናወራው ጥያቄ

ደሴ ላይ ጃኬት ቅንጦት አይደለም። ማታ ፒያሳ ላይ ብርዱ ሲያገኛችሁ ይገባችኋል። ጃኬቱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው፦ ከሳልባጅ።

ሸራ ላይ የተከመረ ልብስ አለ፣ «አንሳ! አንሳ! ምረጥ!» የሚል ድምፅ አለ። ጎንበስ ብለን እንፈልጋለን። ኮሌታውን እናያለን፣ ብብቱን እንፈትሻለን፣ ዚፑን ሁለት ሦስቴ እንሞክራለን። ከዚያ ክርክር ነው። ቤት ወስደን በኦሞ ዘፍዝፈን፣ ልብስ ሰፊ ጋር እጅጌውን አሳጥረን፣ ወገቡን አስጠብበን እንለብሰዋለን። ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ሹራብ በደርዘን ይሰቀላል፤ ከክምሩ ያገኘነው ግን ሌላ ሰው ላይ አይታይም። «ከየት ገዛሽው?» ስትባሉ ያለው ደስታ የውሸት አይደለም።

ድሮ ሳልባጅ መልበስ ይደበቅ ነበር። አሁን «ከቦንዳ ነው» ብሎ በኩራት መናገር መጥቷል። እሰየው! በትንሽ ገንዘብ ራስን አሳምሮ መውጣት ችሎታ ነው።

ግን ሦስት ነገር አብረን እንይ።

አንደኛ፣ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት በሕግ ክልክል ነው። ምክንያቱ የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ቦንዳው በብዛት በኮንትሮባንድ ይገባል። ዕቃ ሲወረስ ግን ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠው ወጣት ያለችውን መነሻ ገንዘብ ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ስንወርድ ኮምቦልቻን እናገኛለን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ሐምሌ 2009 ዓ.ም ደግሞ ለውጭ ገበያ የሚያመርት ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ከዚያ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደርሶ ፓርኩ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ወጣች። እንግዲህ አስቡት፦ እታች አዲስ ልብስ ለውጭ እንዲሰፋ ታቀደ፣ እላይ እኛ ውጭ አገር ተለብሶ የተጣለውን እንመርጣለን።

ሦስተኛ፣ ኑሮው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። አዲስ የሚባለው ልብስም ብዙው ከውጭ የሚገባ ነው። ደሞዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልሮጠም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። እና ክምሩ ጋር የምንሄደው ስታይል ስለምንወድ ብቻ አይደለም።

«ክልከላውን አጥብቁ» ብቻ ማለት ታዲያ መልስ አይሆንም። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2016 የልባሽ ጨርቅ ቀረጥን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። በ2018 አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ ዕድል አገደች። ቀላል መንገድ የለም። እኛ ጋር ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ኮምቦልቻ የሚሰፋ ልብስ ደሴ ያለ ወጣት በሚችለው ዋጋ ለምን አይሸጥም የሚለው ነው።

ወሎ ላይ በትንሹም «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ማለት አብሮን ያደገ ነው። ባለን ነገር መደሰታችን የኛ ነው፣ ማንም አይወስድብንም። ግን «ወጣቱ በትንሽ ይረካል፣ ችግር የለም» የሚል ካለ፣ ደስታችንን ሽፋን እያደረገው ነው። ዘንጠንም ደሞዝና ሥራ እንጠይቃለን።

እናንተስ? ከሳልባጅ ያገኛችሁት ምርጥ ልብስ ምንድን ነው? አዲስ የአገር ውስጥ ልብስ ስንት ቢሆን ትገዙ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።