ፈረሱላ የማያውቅ ሶፍትዌር የመኸር ዕቅዳችንን እንዳያበላሽብን

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ ይዘን አልመጣንም። ዋጋው እጃችሁ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው ማውራት የፈለግነው።

አሁን አሁን ላኪውም ዩኒየኑም የፋይናንስ ዕቅድ ሶፍትዌር እየገዛ ነው። ጥሩ ነው፣ ከደብተርና ከተበታተነ ኤክሴል መውጣት አለብን። ግን ከተገዛ በኋላ ምን እንደሚደረግ ታውቁታላችሁ። የዓመቱን ግዢ፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የኒውዮርክ ዋጋውን ጠቅልለን ለአይቲው ልጅ እንሰጥና «አስገባው» እንለዋለን። በቃ። የኛ አቋም ግን ይሄ ነው፦ ዳታ ማስገባት የአይቲ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ቡናውን የሚያስመዝነውና ውሉን የሚፈርመው ሰው ሥራም ነው። ለምን? እነሆ።

አንደኛ፣ መለኪያ። የኛ ምርት ገበያ ቡናን በፈረሱላ፣ ሰሊጥን በኩንታል ይጠራል። ኒውዮርክ አረቢካን በፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም፣ ለንደን ሮቡስታን በሜትሪክ ቶን በዶላር ይጠራል። ሶፍትዌሩ ይሄን ሁሉ አያውቅም፤ እሱ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ፈረሱላ (17 ኪሎ) እና ኩንታል ቢምታቱ ችግር የለም፣ ስህተቱ ስድስት እጥፍ ስለሚጠጋ ማንም ያየዋል። አደገኛው ትንሿ ስህተት ናት። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ነው። አንዱ «0.45 ይበቃል» ብሎ አስገባ እንበል። ዋጋው ፓውንዱ 300 ሳንቲም ቢሆን፣ ትክክለኛው ስሌት ቶኑን 6,614 ዶላር ገደማ ያደርገዋል፤ የተጠጋጋው ግን 6,667 ይላል። 320 ኬሻ በያዘ አንድ ኮንቴነር (19.2 ቶን) ላይ ልዩነቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የሌለ ገቢ ማለት ነው። በዚያ የሌለ ገቢ ላይ ተመሥርቶ ለአቅራቢው ዋጋ ይቆረጣል። ከዚያ ኪሳራው ከየት መጣ ተብሎ ገበያው ይወቀሳል።

እሸት ቡና፣ ጀንፈልና ንጹህ ቡናም እንደዚሁ ናቸው። ሦስቱም «ኪሎ ቡና» ተብለው አንድ ዓምድ ውስጥ ከገቡ ዕቅዱ ከመጀመሪያው ፈረሰ።

ሁለተኛ፣ ቀን። ይሄ የኛው የብቻችን ጣጣ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2017ን 5/3/2017 ብላችሁ ጻፉ። ኤክሴል ምንም ሳይጠይቅ ይቀበለዋል፤ እንደ አቀማመጡ ማርች 5 ወይም ሜይ 3፣ 2017 ያደርገዋል። ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ኖቬምበር 14፣ 2024 ነበር። ዓመቱም ወሩም ጠፋ። ጥቅምት 30ን 30/2 ብትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑ ይቀርና ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከድምሩ ይወጣል። ጳጉሜ 3ን 3/13 ያለ ሰው፣ ወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ማርች 13 ሆኖ ያገኘዋል። ብሩ በብዛት የሚወጣው በመኸር ወራት ነው። ወሩ ከተዛባ «መቼ ስንት ብድር ያስፈልገናል» የሚለው መልስም ይዛባል። የብድሩ ወለድ ግን አይሳሳትም፣ በሰዓቱ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ምንዛሪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገደማ ገባ። አንድ የምንዛሪ ቁጥር አንድ ቦታ አስቀምጠው ሁሉንም ግብይት በሱ ሲያባዙ የነበሩ ፋይሎች፣ ቁጥሯ ስትቀየር ያለፈውንም ዓመት ሽያጭ አብረው ቀየሩት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ግብይት ከራሱ ቀንና ከራሱ ምንዛሪ ጋር ይግባ። የትናንቱ በትናንቱ ይቆይ።

አራተኛ፣ ድምር። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርት ወጥተው ነበር። ምክንያቱ የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይዝ ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ ባለበት አገር እንኳ የተቆረጠው መስመር ቶሎ አልታየም። እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒውም ይበዛል፤ አንድ የባንክ ስቴትመንት ሁለቴ ይገባል፣ ወይም ባንኩ «ክሬዲት» ያለው ገቢያችን ወጪ ሆኖ ይቀመጣል። ማጣሪያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከማስገባታችሁ በፊት ስንት መስመር፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ብር እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ካስገባችሁ በኋላ ከሶፍትዌሩ ጋር አመሳክሩ። ለባንኩ ደግሞ መነሻ ቀሪ ሲደመር ገቢ ሲቀነስ ወጪ ከመጨረሻው ቀሪ ጋር ካልገጠመ፣ ዕቅዱ አይከፈት።

«ይሄን የሸጠልን ድርጅት ያስተካክለው» የሚል ይኖራል። ድርጅቱ ፕሮግራሙን ያውቃል፤ እናንተ ጀንፈል የምትሉት ምን እንደሆነ ግን ላያውቅ ይችላል። «ደብተሩ ይሻለን ነበር» የሚልም አለ። በደብተርም ስህተት አለ፤ ግን የደብተሩን ስህተት ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ከሶፍትዌር የወጣ ግራፍ ግን ሲያምር ማንም አይጠይቀውም፣ ቦርዱ አይቶ ያጸድቀዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ዩኒየኖች ይሄን በተለይ ልብ በሉት። ነጋዴ ቢሳሳት የሚከስረው የራሱን ነው። ዩኒየን ሲሳሳት ግን የሚጎድለው አርሶ አደሩ ዓመት ሙሉ የጠበቀው የትርፍ ክፍፍል ነው። እሱ ቡናውን ሲያስረክብ ሚዛኑን በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስሌት ግን የሚያየው በእናንተ ዓይን ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው መኸር አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃችሁ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ፋይል መለኪያው፣ የቀን አቆጣጠሩና ምንዛሪው የተጻፈበት አንድ ገጽ ይኑረው። ገጹ ላይ ያስገባው ልጅ ብቻ ሳይሆን የግዢ ወይም የሽያጭ ኃላፊውም ይፈርም። ፊርማ ሲኖር ዓይን ይከፈታል።

እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው? በኮሜንት ጻፉልን። መልካም ገበያ!