የኪሳችን ስልክና የዳኛ ትእዛዝ



ይህ ጉዳይ የሕግ ተማሪዎች ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ስልኩን ከትራሱ ሥር ሳያደርግ የሚያድር ተማሪ ስለሌለ፣ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ካርፔንተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2010ና በ2011 በዲትሮይት አካባቢ በተፈጸሙ የሱቅ ዘረፋዎች ተከሰሰ። ኤፍ.ቢ.አይ. የስልክ ኩባንያዎቹን ጠየቀ፤ እነርሱም የ127 ቀን ውሎና አዳሩን 12,898 የቦታ ምልክት አድርገው ሰጡት። በቀን መቶ አንድ ጊዜ ያህል መሆኑ ነው! የትኛው ሰላይ እንዲህ ይተጋል? ከዳኛ ትእዛዝ መገኘቱ እውነት ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የሚጠይቀው ምክንያት ለቤት ብርበራ ከሚጠየቀው ያነሰ ነበረ።

የመንግሥት ጠበቆች «መረጃውን ለኩባንያው በፈቃዱ ሰጥቷልና ምስጢሩ አይደለም» ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በአምስት ድምፅ ለአራት፣ እንዲህ ላለው መረጃ የብርበራ ማዘዣ ያስፈልጋል ሲል ፈረደ። (ሰውየው ራሱ አልተጠቀመበትም፤ ፖሊሶቹ በቅን ልቡና ሠርተዋል ተብሎ ጥፋተኛነቱ ጸናበት። ለወንበዴ መብት መከራከር ደስ አይልም፤ የሁላችን መብት የተመዘነው ግን በእርሱ ነው።)

በአገራችንስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26፣ በፖስታም ሆነ በስልክ፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የምንላላከው እንዳይደፈር ይደነግጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪው የግንኙነታችንን መዝገብ አንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። መዝገቡ የንግግሩን ቃል አይዝም፤ ግን በእኩለ ሌሊት ወደ ማን እንደ ደወለ የታወቀበት ሰው ምን ምስጢር ቀረው?

«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» የሚሉን መምህራን አሉ። እናከብራቸዋለን። ባለፈው ወር ለማን ለማን እንደ ደወሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን ይሆን?

ማኅበራችን ከአስተዳደሩ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ሬጅስትራሩና የኮምፒውተር ክፍሉ የተማሪን መዝገብ፣ የዋይፋይ አጠቃቀሙንም ጭምር፣ ለፖሊስ የሚሰጡት የፍርድ ቤት ትእዛዝ በጽሑፍ ሲቀርብላቸው ብቻ ይሁን፤ በስልክ የሚመጣ ጥያቄ ትእዛዝ አይባል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከነቀኑ ይመዝገብ። ምርመራውን የማያሰናክል ሲሆንም ለተማሪው ይነገረው። ደብዳቤው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ መፈረም የሚፈልግ እስከ ዓርብ ማታ ይምጣ።