የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ውጤታማነት በማድረሻ ዘዴው ይወሰናል

ኢትዮጵያ የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባትን ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች በ2011 ዓ.ም በትምህርት ቤቶች መስጠት መጀመሯ ይታወቃል። ይሁንና ክትባቱ የማህፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ በቫይረሱ የተያዘችን ሴት አይፈውስም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት የዲኤንኤ የሕክምና ክትባት በምርምር ላይ ይገኛል። ክትባቱ በመርፌ ብቻ ሲሰጥ ወደ ሴሎች የሚገባው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የሴሉን ሽፋን በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ለአፍታ የሚከፍት መሣሪያ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ በዚህ ዘዴ ቪጂኤክስ 3100 የተባለውን ክትባት ከወሰዱት ሴቶች በ49 ነጥብ 5 በመቶው የቅድመ ካንሰር ቁስሉ ሲቀንስ፣ ክትባቱን ባልወሰዱት 30 ነጥብ 6 በመቶ ነበር።

መሣሪያውና የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠይቀው ዘዴ ግን ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ዳር በምትገኘው ሐሙሲት ዙሪያ ላሉ የገጠር ቀበሌዎች ገና ሩቅ ነው። ዛሬ በእጅ ያለው የመከላከያ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ተጠብቆ መድረስ ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ መስጠትን እንደ አማራጭ መቀበሉ የጤና ባለሙያውን ምልልስ ያቀልላል።

በመሆኑም የወረዳ ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉ ልጃገረዶችን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት መዝግበው ሊደርሱላቸው፣ ለእናቶችም የቅድመ ካንሰር ምርመራን ሊያጠናክሩ ይገባል።