አዲስ መስኮት ያለ መሸኛ አይከፈት

አንድ ተማሪ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲዛወር መሸኛ ይዞ ይሄዳል። ተቀባዩ ት/ቤት ተማሪው ማን እንደሆነና ከስንተኛ ክፍል እንደመጣ የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። መሸኛ ያልያዘውን «አምጣ» ብሎ ይመልሰዋል እንጂ በግምት አይመዘግበውም።

እኛ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የጀመርን ዕጩ መምህራን፣ ይኸው ሥርዓት በፕሮግራሞቻችንም ውስጥ ሊኖር ይገባል እንላለን። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

በሲ ሻርፕ ወይም በቪዥዋል ቤዚክ የማርክ መመዝገቢያ ተሠራ እንበል። የመጀመሪያው መስኮት የተማሪዎችን ዝርዝር ያሳያል። አንዱን ስም ሲነኩት ማርክ የሚሞላበት ሁለተኛ መስኮት ይከፈታል። ታዲያ ይህ መስኮት የማንን ማርክ እንደሚሞላ በምን ያውቃል? ጀማሪ የሚወደው አቋራጭ አለ፤ ይኸውም የተማሪውን መለያ ቁጥር ሁሉም መስኮት በሚያየው አንድ የጋራ ቫሪያብል ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

የዚህን አቋራጭ ጣጣ እንመልከት። መዝጋቢዋ የአልማዝን መስኮት ከፈተች። እሱን ሳትዘጋ የአበበን ደግሞ ከፈተች። አሁን የጋራው ቫሪያብል የያዘው የአበበን ቁጥር ነው። ወደ አልማዝ መስኮት ተመልሳ 85 ሞላችና «መዝግብ» የሚለውን ነካች። በመስኮቱ አናት የተጻፈው አልማዝ፣ ማርኩ የገባው ግን ለአበበ! ኮምፒዩተሩ እንደሆነ ትንፍሽ አይልም። ስሕተቱ የሚታወቀው ካርድ ሲታደል ነው፤ ያውም አልማዝ ደፍራ ከጠየቀች።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። መስኮቱ ሲፈጠር የተማሪውን ቁጥር በኮንስትራክተሩ በኩል ፓራሜትር አድርጎ መስጠት ነው። መስኮቱም ተቀብሎ ሌላ መስኮት በማይነካው በራሱ ቦታ ያኖረዋል። አሥር መስኮት ቢከፈት አሥሩም የየራሳቸውን መሸኛ ይዘዋል። ያለ ፓራሜትር የሚሠራውን ኮንስትራክተር ካስወገድን ደግሞ ቁጥሩን መስጠት የረሳውን ሰው ኮምፓይለሩ ራሱ አላሳልፍም ይለዋል። ስሕተቱ ት/ቤት ሳይደርስ እዚሁ ጠረጴዛችን ላይ ይያዛል ማለት ነው።

«በሾው ዲያሎግ ብንከፍተውስ? እሱ ሳይዘጋ ሌላ አይከፈትም እኮ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው። ነገር ግን ነገ አንድ መምህር የሁለት ተማሪ ማርክ ጎን ለጎን ማየት ይፈልግና ትእዛዙ ወደ ሾው ይለወጣል። ያን ጊዜ ተደብቆ የቆየው ችግር ብቅ ይላል።

ሌላው ነገር፣ የሚተላለፈው መለያ ቁጥር እንጂ ስም አይሁን። ባንድ ክፍል ሁለት አበበ ከበደ መች ይጠፋል? ደግሞም «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሁለት ናቸው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ ለሀ፣ ለሐና ለኀ የተለያየ ቁጥር ሰጥቷቸዋልና።

«ለአንዲት ቁጥር ይህ ሁሉ ልፋት?» ይባል ይሆናል። ያቺ ቁጥር ግን ከገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የተማረ ልጅ የዓመት ድካም የምትገባበት በር ናት። ነገ የማስተምረው እኛው፣ ሮስተር የምንሠራውም እኛው ነን።

ስለሆነም መምህሮቻችን የፕሮግራም ሥራችንን ሲያርሙ መሥራቱን ብቻ አይተው እንዳያልፉት እንጠይቃለን። ሁለት ተማሪ በሁለት መስኮት ይክፈቱ፣ በመጀመሪያው ላይ ማርክ ይመዝግቡ፣ ከዚያ ለማን እንደገባ ይመልከቱ። ለሌላ ተማሪ የገባበት ሥራ ማለፊያ ማርክ ባይሰጠው አንቀየምም።